አጣቢዋ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው

ጥቅምት 3
የጎረቤቴ የእትዬ ሳቂታ የተሰበረ ዳሌ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እየገጠመ ነው ብሏል ሐኪሙ። ግን ገና ወር ሙሉ ከአልጋ አይወርዱም። ደረጃ ላይ ተንሸራተው ነው እንዲህ የሆኑት። ልጃቸው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እናቷን ልታገላብጥ ስታጎነብስ እኔ ነኝ የምደነግጠው። ትልቁ ልጅ በስልክ "አይዞሽ እማዬ" ይላል። አይዞሽ ሰው አያገላብጥ...

ከሥራ መልስ ገብቼ አገዝኳት። እንዳይሰለቻቸው ብዬም አዲሱን ልብወለዴን ማንበብ ጀመርኩላቸው። ከዋክብት መካከል የምትጓዝ መርከብ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍሏ ውስጥ የምትሠራ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት። ምን ላድርግ? ሃያ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩ ሰው ሌላ ምን አውቃለሁ? የመርከቧ ውሃ እያለቀ መሆኑን ከአለቆቹ በፊት የምታውቀው እሷ ናት። የሚመጣላት ውሃ ስላነሰ አንሶላው ሁለቴ ተለቅልቆም እጇ ላይ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ጥቅምት 9
ጠያቂ በዝቷል። እትዬ ሳቂታም ስለ ዳሌያቸው ማውራት ትተው ለገባው ሁሉ የእኔን ታሪክ ነው የሚያወሩት።

ፎቅ ላይ የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ደረጃው ላይ አገኘኝና "መርከብ ላይ የምትሠራው እህትሽ ውሃ አገኘች ወይ?" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ "ገና ናት" አልኩት። "ቁጥሯን ስጪኝ፣ ደውዬ ላጽናናት።" ለካ ሰውየው የምሩን ነው... ሦስት ቀን ሲጨነቅላት ሰንብቷል። እህት የለኝም፣ ድርሰት ነው ስለው ደግሞ ተቀየመኝ። "ድርሰት ከሆነማ ውሃውን አትሰጫትም እንዴ? ምን ያለሽ ጨካኝ ነሽ።"

ጥቅምት 14
አሳታሚው ጋ ሄድኩ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። "ጽሑፉ ጥሩ ነው እህቴ። ገበያው ግን ተለውጧል። የሳይንስ ልብወለድ የሚገዛው ወጣት ነው፤ ወጣት ደግሞ መርከብ ሲፈነዳ ነው የሚፈልገው። ከውጭ የተተረጎመው አለ፣ ማሽን ራሱ ጽፎ በሳምንት የሚያመርተውም አለ። ከእነሱ ጋር ነው የምንጋፋው። ጀግናዋን የሃያ ዓመት አብራሪ አድርጊያት፣ ሦስት ተከታታይ መጽሐፍ ይሁን፣ አትመዋለሁ። ስለ ልብስ አጣቢ ማን ያነባል?"

የመጀመሪያው መጽሐፌ ከወጣ ስድስት ዓመቱ። ሁለተኛውን ሳላይ ላረጅ ነው? "እሺ" ብዬው ወጣሁ።

ጥቅምት 17
ዕድሜዋን ቀነስኩ። አብራሪ አደረግኳት። ጠመንጃም ሰጠኋት።

ጥቅምት 23
የተለወጠውን አነበብኩላቸው። እትዬ ሳቂታ፣ ልጃቸው፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ኩርፊያውን የተወው ሾፌርም ነበሩ። ስጨርስ ልብስ ሰፊዋ ክር ከቀሚሷ ላይ ትለቅማለች።

"ልጅቷ ጎበዝ ናት" አለ ሾፌሩ በመጨረሻ። "ተኩሷም ደህና ነው። ግን... አንሶላውን ማን ነው የሚያጥበው አሁን?"

ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ጥቅምት 24
አንሶላ ስጨምቅ ዋልኩ፣ ሳስብ ዋልኩ። በአዲሱ ውስጥ ውሃው ማለቁን ማን ነው ያወቀው? ቀይ መብራት በራ። በቃ። ስለ መብራት ማን ይጨነቃል? የእኔዋ ግን በእጇ ነው ያወቀችው። ለማን ልንገር፣ ማን ያምነኛል እያለች ስታመነታ ነው ሰውን የያዘችው። ያንን አውጥቼ ጠመንጃ ከተትኩበት። ሞኝነቴ።

ጥቅምት 27
ለአሳታሚው ደወልኩ።
"ሃምሳ ሁለት ነው" አልኩት።
"ምኑ?"
"ዕድሜዋ። ማጠቢያ ክፍሏም አትለቅም።"
"እንግዲያው እኛ አንችልም እህቴ። አትቀየሚኝ።"
አልተቀየምኩትም። እሱም ቤት አለው፣ ሠራተኛ አለው። ግን ከፍቶኛል። ይህን ከእኔ በቀር የሚያነበው የለ፣ ለምን እዋሻለሁ?

ኅዳር 2
አልጻፍኩም። ለማን ብዬ?

ኅዳር 8
እትዬ ሳቂታ ዛሬ በወንበር ተቀመጡ። ልጃቸው እግሯ አብጧል፣ ተኚ ብለናታል።

ቁስላቸውን ልታይ የምትመጣው ነርስ ፋሻውን ጨርሳም አልሄድ አለች። እጇን ታጥባለች፣ ትቆማለች። ምነው ስላት፦

"ሆስፒታል የእኔ ታካሚ አንዲት እናት አሉ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው። እዚህ ስታነቢ የሰማሁትን በቃሌ ነገርኳቸው። አሁን ክፍሉ በሙሉ አልጋውን አስጠግቶ ነው የሚጠብቀኝ። አጣቢዋ የአለቃው በር ላይ ቆማለች፣ እዚያ ላይ አለቀብኝ። አንኳኳች?"

"እሱን ገና አልጻፍኩትም" አልኳት።

"ነገ ጠዋት ገቢ ነኝ እኮ። ምን ብዬ ልግባ?"

እትዬ ሳቂታ ከወንበራቸው ሆነው፣ "እየጻፈች ነው በያቸው" አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ቁጭ በይ እንጂ አንቺ፣ ምን ይገትርሻል?"