ቀስት የሌለው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ

ጅግጅጋ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደአማኑኤል፣
የአደጋ ማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከመላ ቤተሰብዎና ጎርፍ ከማይደርስበት አዲሱ ቢሮዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ እግርዎም ዘወትር ደረቅ መሬት እንዲረግጥ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በከብት ገበያው በር አጠገብ የሱቅ ማስታወቂያ በብሩሽ የምጽፍ ሴት ነኝ። ሙያውን የለቀምኩት ከቶጎጫሌ ከሚመጡ የብስኩትና የሻይ ካርቶኖች ላይ ስለሆነ እርስዎን ለመምከር አልደፍርም፤ ጥርጣሬዎቼን ብቻ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አምና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስላሠሩት ፖስተር ምስጋና ይድረስዎ። ማንበብ የማይችልም እንዲረዳው ብለው አንድ ቃል እንኳ አላስገቡበትም። በግራ በኩል በደረቅ ወንዝ ውስጥ የቆሙ ሰዎችና ፍየሎች፣ ከላያቸውም ጥቁር ደመና፤ በቀኝ በኩል እነዚያው ሰዎች ኮረብታ ላይ። ጎርፍ ሳይመጣ ከወንዝ ውጡ ማለትዎ እንደነበር አሁን ሁላችንም ገብቶናል።

፪. ጎረቤቴ ኢስተሂል በልጅነቷ ቁርአን ቤት የተማረች በመሆኗ ገጽ የምትጀምረው ከቀኝ ነው። ስለዚህ ኮረብታውን አስቀድማ ወንዙን አስከተለች። ሦስት ዓመት ዝናብ ለናፈቀ ሰው ደመና የምሥራች እንጂ ማስፈራሪያ አለመሆኑን ከአዲስ አበባ ያስመጡት ሠዓሊ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፍየሎቿን ነድታ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። ዝናቡም እንደ ድሮው ቀስ እያለ ሳይሆን የወሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ ራቅ ካለው ተራራ ላይ ጣለው፤ ጎርፉ በወንዙ ወረደ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ፍየሎች ሁለት ተረፉ፤ እርሷም ግራር ላይ ወጥታ ዳነች። «አባዮ፣ ወረቀቱ ውረዱ አለን፤ ወረድን» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። እርስዎን በክፉ አላነሳችም።

፫. ፖስተሩ ሳይታተም፣ የቢሮዎን የበር ቁጥሮች ልጽፍ በመጣሁ ጊዜ ጠረጴዛዎ ላይ አይቼው፣ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ከወንዙ ወደ ኮረብታው የሚያመለክት ቀስት እንዲደረግ በትሕትና አሳስቤ ነበር። ቀስት ውበቱን እንደሚያበላሽ ከገለጹልኝ በኋላ የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ፤ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ውበቱ በእርግጥ አልተበላሸም። እንግዶች በአዳራሽዎ ከፖስተሩ አጠገብ ቆመው ፎቶ ሲነሱ ካየሁ ወዲህ ግን የተሠራው ለኢስተሂል ነው ወይስ ለእነርሱ የሚለው ጥርጣሬ አልለቀቀኝም።

፬. ያው ፖስተር እንደገና ታትሞ ወደ አይሻና አዲጋላ ሊላክ መሆኑን ሰማሁ። የሚያዝያ ዝናብ ሊገባ ሳምንታት ብቻ ቀርተዋል። እባክዎ ቀስት ይጨመርበት፤ ከመታተሙም በፊት ለአንዲት ፍየል አርቢ አሳይተው ምን እንዳላት ይጠይቋት።

ውበት አዋቂነትዎን ሳደንቅ የምኖር፣ የምስክር ወረቀት የሌለኝ ታዛዥዎ፣
እናትአለም ከተማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በከብት ገበያው በር የተሰቀለውን ፖስተር በቀይ ቀለም ያበላሸ ሰው እንደሚፈለግ የሚገልጽ ማስታወቂያዎን አነበብኩ። አይድከሙ፣ ቀስቱን የሣልኩት እኔ ነኝ። ማስታወቂያው በሦስት ቋንቋ በትልልቅ ፊደል ስለተጻፈ በገበያው ያልገባው ሰው የለም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ እንዲህ ግልጽ መሆን እንደሚችል በማወቄ ደስ ብሎኛል።