የእናታችን ድንጋይና ቀዩ ፊደል

ጋሼ አንዳርጌ፣ ወንድሜም አባቴም፤

እንደምን ከርመዋል? ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎ ጉልበት ተሻለዎ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ባለቤትዎ ፀደይ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እምቢ ብሎኛል፤ ብሩሽ ለመምራት ግን ገና አልለገመም። እዚህ ሩዙ ተወቅቶ ገብቷል፣ ሜዳውም ለከብት ተለቋል። የወረታ መንታ መንገድ እንደሚያውቁት ነው፤ መኪናውና ባጃጁ ይጋፋበታል።

በስልክ ያላልሁዎትን ልጽፍልዎ ነው የተቀመጥሁት። እርስዎ ሲናገሩ እኔ እሺ እላለሁ፤ ከልጅነቴ የለመደብኝ ነው። ባለፈው ደውለው ለእናታችን መቃብር የላኩት እብነ በረድ ለሙት ዓመቷ ይተከል ሲሉኝም እሺ አልሁ። እሺ ያለው አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ድንጋዩን አልተከልሁትም። አልተክለውምም።

ስጦታዎን ለማቃለል አይደለም። ለእናትዎ አስበው ከዚያ ድረስ አስጭነው የላኩት ነው፤ የመኪናው ረዳት እንኳ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው ያወረደው። ግን ገልጬ ፊደሉን ሳየው ልቤ እምቢ አለ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ፊደል ነው፤ ጋደል ያለ፣ ጅራቱ እንደ ሐረግ የተጠቀለለ፣ ከኋላው ጥላ የጣለ። ስሟም ቦታ አጥሮት ጠርዙ ላይ ተጨናንቋል፤ ትርፍ የጫነ ባጃጅ ይመስላል።

ከተነበበ በቃ፣ ፊደል ምን ልዩነት አለው ይሉኝ ይሆናል። አለው ጋሼ። እኔን የታፔላ ጽሕፈት ማንም አላስተማረኝም። በርበሬ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ፊደል እየቆረጥሁ ግድግዳዬ ላይ በሊጥ ስለጥፍ ነው የኖርሁት። የብራናው ፊደል ከመቃ ብርዕ የተወለደ ነው። የብርዑ አፍ ሰፊ ስለሆነ ወደ ታች ሲወርድ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል፤ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ይመስላል። የመጽሐፍና የጋዜጣው የእሱ ልጅ ነው፤ ብዙ ሲያነቡት ዓይን እንዳይደክም ልኩ የተስተካከለ። የታፔላው ግን ቀጭንም ወፍራምም የለው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ነው፤ የደብረ ታቦር መኪና እየበረረም ቢሆን ሹፌሩ «የሩዝ መፈልፈያ» የሚለውን እንዲያነብ። የሠርጉ ፊደል ደግሞ ይጨፍራል፤ ለሠርግ ደግ ነው። እናታችን መቃብር ላይ ማን ይጨፍራል?

ክፍተቱም ነገር አለው። ፊደል እንደ ሩዝ ነው፤ ተጠጋግቶ ከበቀለ ይተናነቃል፣ ከተራራቀ አረም ይገባበታል። በመስመርና በመስመር መካከልም ዓይን የሚፈስባት ቦይ ያስፈልጋል። እርስዎ የላኩት ላይ ቦይ የለም።

ይህን ሁሉ እንኳ በቻልሁት ነበር። ያልቻልሁት የቀዩን መቅረት ነው። እናታችን ፊደል እንዳልቆጠረች ያውቃሉ። እርስዎ ለሥራ ከወጡ በኋላ እሑድ እሑድ የአያታችንን የብራና ውዳሴ ማርያም ከማኅደሩ ስታወጣ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነበርሁ። ጥቁሩን ሁሉ ትዘለውና ቀዩ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳርፋ «ይቺ እሷ ናት» ብላ ትስማለች። የእመቤታችን ስም በቀይ እንደሚጻፍ አባቷ ነግሯታል፤ የምታውቀው ንባብ ይኸው ብቻ ነበር። አንዳንዴ የመልአክ ስምም በቀይ ስለሚጻፍ መልአኩም መሳሙ ይደርሰው ነበር።

የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው። ብራና ጸሐፊ ቢጽፈው «ወለተ» በጥቁር፣ «ማርያም» በቀይ ይሆናል፤ ወጉ እንዲህ ነው። በእርስዎ ድንጋይ ላይ ሁለቱም ወርቃማ ናቸው። እናታችን ተነሥታ ብትመጣ የራሷን መቃብር አትለየውም።

ስለዚህ ነጣ ያለ ድንጋይ አፈላለግሁ። ፊደሉን እንደ ብራናው አቁሜ እኔ በከሰል ነደፍሁት፣ ጠራቢው ባየህ በመሮ ቆፈረው፣ ቀለሙን እኔ ሞላሁት፤ «ወለተ» በጥቁር፣ «ማርያም» በቀይ። ባየህ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ «እትዬ ሙናዬ፣ እናትሽን ሱቅ ልታደርጊያት ነው? ከታች ስልክ ቁጥር አይጨመርም?» አለኝ። «ላንተ ጊዜ እጨምርበታለሁ» አልሁት። መሮውን ጥሎ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን የነደፍሁትን መስመር አንድም አላበላሸብኝም።

የንስሐ አባቷ አባ ገብረ ኪዳንም መጥተው አዩት። «ቀይ ፊደል በብራና ላይ እንጂ በድንጋይ ላይ አይቼ አላውቅም» አሉኝ። እኔ ለካህን መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን «አባቴ፣ ያ ቆዳ ነው፣ ይኼ ድንጋይ ነው፤ ስሟ ግን ያው ስሟ ነው» አልኋቸው። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። ጢማቸውን እያሻሹ «ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ በየዓመቱ ታድሺዋለሽ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እስክሞት አድሳለሁ አልሁ። እንግዲያው ይሁን ብለው ባረኩት።

ባለፈው እሑድ ይፋግ፣ እናታችን ካረፈችበት ደብር ግቢ ተተከለ። አክስታችን ማናዬ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። እሳቸውም እንደ እናታችን ፊደል አያውቁም። ማንም ሳይነግራቸው ድንጋዩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ጥቁሩን አለፉት፤ ቀዩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ሳሙት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «እህቴ እዚህ ናት» አሉኝ።

እንግዲህ ይቆጡኝ ጋሼ፤ መብትዎ ነው፣ አሳድገውኛል። የላኩት እብነ በረድ ጨርቅ ለብሶ ቤቴ ተቀምጧል። ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሲመጡ የኔን ነቅለን ያንን እንትከል ካሉም አልከለክልዎትም። ስሟን ከድንጋዩ የሚፍቀውን መሮ ግን ለባየህ አልሰጥም፤ ራስዎ ይይዙታል፣ ከቀዩም ይጀምራሉ። እኔም አክስታችንም ቆመን እናያለን።

ለእህቴ ለፀደይ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ ከትከሻዬ አልወረደም። ትንሳኤን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ አድጌያለሁ ካለም በግድ ይሳሙልኝ። ለሉሊት ደግሞ አደራ አለብኝ፤ ስትመጡ ከዚያ ደህና ቀይ የዘይት ቀለም መርጣ ትያዝልኝ። የዚህ አገሩ ቶሎ ይደበዝዛል፣ እኔ ደግሞ ለአባ ቃል ገብቻለሁ።

እህትዎ ሙናዬ
ወረታ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.