ስለ ሠርጋችን በርሜል ለሊቀመንበራችን የቀረበ ምስጋና

ሐይቅ፣ ጥር 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ታረቀኝ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤

ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም፣ ጤናም እንደ ማኅተምዎ ከኪስዎ አይለይ። እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ፈዲላ ይህን በወጣቶች ማኅበር ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ያምራል ብዬ ነው።

የተምች መርዝ የመጣበትን ባዶ በርሜል ለእኅቴ ለአሲያ ሠርግ ብርዝ መበጥበጫ ይሁን ብለው ስለመደቡልን፣ ውለታዎን እስከ ዕድሜያችን መጨረሻ አንረሳም፤ እሱም ሩቅ አይመስልም።

1ኛ፦ በበርሜሉ ላይ የተሳለውን የራስ ቅልና የተጠላለፈ አጥንት «ይሄማ የፊውዳሉ መጨረሻ ነው» ብለው ስለተረጎሙልን እናመሰግናለን። የሳይንስ መምህራችን የመርዝ ምልክት ነው ቢሉም፣ እሳቸው የኮሚቴ አባል ስላልሆኑ አልሰማናቸውም።

2ኛ፦ አደጋ መኖር አለመኖሩን እንዲያጣሩ ጋሽ አስረስን ስለመረጡልን። ጋሽ አስረስ አንገታቸውን በርሜሉ ውስጥ ከተው ምንም አይሸትም ብለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ሱረት የሳበ አፍንጫ የገዛ ቤቱ ቢቃጠልም እንደማይሰማው ባለቤታቸው ይመሰክራሉ፤ ሆኖም ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል።

3ኛ፦ እናቴ በርሜሉን በአመድ ፈትጋ ያጠበችበትን ውኃ የጠጡ ሰባት ጫጩቶቻችን፣ እርስዎ ንግግር ሲያደርጉ እንደምንተኛው በአንድ መስመር ተኝተው አልተነሡም። ለቅሶ ደርሰው «ጫጩት ድሮስ መቼ ሞቶ ያውቃል ብለሽ ነው ያልሞተው?» ሲሉኝ፣ ምን ማለትዎ እንደሆነ ባይገባኝም ተጽናንቻለሁ።

አሁን ቀልዱን ልተወውና፣ ብርዙ ሐሙስ ይበጠበጣል። ጎረቤታችን እትዬ የሺሀረግ ጋናቸውን አውሰውናል፤ እናቴ ግን የመንግሥት ምደባ ገፋች እባላለሁ ብላ ስለፈራች በጋኑ አልጠቀምም ብላለች። መንደሩ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ከዚያ በርሜል ሊጠጣ ነው። «በርሜሉ ተበስቶ ይቀበር» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ማኅተምዎን ቢያሳርፉባት፣ እናቴ ከፍርሃቷ፣ እኛም ከቀብር እንተርፋለን።

ለእርስዎ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሣ፣ በርሜሉን ግን በሩቁ ዞራ የምታልፍ ልጅዎ፣
ፈዲላ ኑርሁሴን

ማስታወሻ፦ እስከ ሐሙስ መልስ ካልመጣ ቤተሰቡ አንድ ነገር ወስኗል። በሠርጉ ቀን ከሙሽራውም ከሽማግሌውም በፊት የመጀመሪያው ጣሳ የሚቀዳው ለእርስዎ ነው። እርስዎ ጨልጠው እስኪጨርሱና የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እስኪደርስ ድረስ እኛ ጥማችንን ችለን በትዕግሥት እንጠብቃለን።