የእርሳስ ጥይትና የእኔ እሺታ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ አማረ፣ ዲላ።

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? የወገብዎ ሕመም ለቀቀዎት ወይ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? የስፌት ሥራው በዓል ሲቃረብ ያደክምዎታል ብዬ እሰጋለሁ። እማዬስ፣ ደም ግፊቷ ተስተካከለላት? እኔ ልጅዎ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ ማለቴ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ነገር ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ ስጀምር አራተኛዬ ነው፤ ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ምክንያቱ የእህቴ የማህደር ነገር ነው። ከሁለት ወር በፊት ለአቶ ማዕረግ ልጅ ልትዳር መሆኑን፣ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ ትምህርቷን እንደምታቆም ጽፈው ሐሳቤን ጠየቁኝ። እኔም እርስዎ እንዳሉ ብዬ መለስኩ። አሁን በዚህ ጉዳይ የምነግርዎ ሌላ ነገር አለ። በቀጥታ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ ይለኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ የገጠመኝን ልንገርዎ፣ ይታገሡኝ።

የምሠራው ከምኖርበት ከስካይዌይ ብዙም ሳይርቅ፣ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ መሆኑን ነግሬዎት ነበር። እዚህ አገር ኢላማ መተኮስ የሚወድ ሰው ቀለሁን አይጥልም። ለቅሞ ቤቱ ይወስድና ባሩድና አረር ጨምሮ እንደገና ጥይት ያደርገዋል። ለዚህም ዳይ የሚሉት የብረት ቅርጽ ያስፈልገዋል። አንዱ ዳይ የተለጠጠውን ቀለህ ወደ ልኩ ይመልሳል፣ አንዱ አፉን ይከፍታል፣ አንዱ አረሩን ይተክላል። አረሩ መዳብ የለበሰ ከሆነ የተለመደው ዳይ ይበቃዋል። ራቁቱን እርሳስ ከሆነ ግን ለስላሳ ነው፣ ከመዳቡም በፀጉር ያህል ይወፍራል፤ ስለዚህ የቀለሁን አፍ ሰፋ አድርጎ የሚከፍት ለብቻው የተሠራ ዳይ ይፈልጋል። ያለዚያ የቀለሁ ጠርዝ እርሳሱን ይፍቀዋል። እርስዎ እጅጌ ሲገጥሙ ብብቱን ካላሰፉለት ስፌቱ እንደሚተረተረው መሆኑ ነው።

ከአንድ ወር በፊት አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ከዘራ የያዙ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ። ቤታቸው እርሳስ እያቀለጡ አረር ማውጣት ጀምረዋል። መደርደሪያው ላይ ያለውን የተለመደውን ዳይ አነሡና፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለመዳቡ የተጠቀምኩት ይህንኑ ነው፣ ለእርሳሱም ይሆነኛል አይደል ብለው ጠየቁኝ። እንደማይሆናቸው አውቃለሁ። የሚሆናቸው ከባንኮኒው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ከጉልበቴ አጠገብ ነበረ። ግን እንዲህ ያሉ አዛውንት ይሆነኛል አይደል ሲሉኝ እንዴት ብዬ ተሳስተዋል ልበላቸው? አዎ፣ ይሆናል አልኩ። ጭራሽ ጎንበስ ብዬ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ። ከኪሳቸው ጥይቶች አውጥተው ባንኮኒው ላይ ደረደሩ። በእያንዳንዱ ቀለህ አፍ ዙሪያ የተፋቀው እርሳስ እንደ ቀለበት ተጠቅልሏል። ሦስት መቶ ሠርተው አንዱም በወጉ ሽጉጡ ውስጥ አልገባላቸውም። ደግነቱ በግድ አስገብተው አልተኮሱም፤ ቢተኩሱ ኖሮ እጃቸው ላይ ሊፈነዳ ይችል ነበር። አልጮሁም። እንደማይሆን ታውቅ ነበር ወይ አሉኝ። አውቅ ነበር አልኩ። ታዲያ ለምን ይሆናል አልከኝ ሲሉኝ፣ እርስዎን ማክበሬ ነው አልኩ፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር እንዴት ያስቃል መሰለዎት። እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔ እኮ የጠየቅሁህ ስለማላውቅ ነው አሉኝና ትክክለኛውን ዳይ ገዝተው ሄዱ።

አብሮኝ የሚሠራው የሐዋሳው ልጅ ሀይለየሱስ፣ ሶ፣ ኖ፣ አይሆንም ማለት ምን ይከብዳል፣ ኖ ስላልክ ማንም ፋየር አያደርግህም፣ ከሥራ አያባርርህም እያለ ሲስቅብኝ ዋለ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዕረፍት የለኝም። አውቶቡስ ቆሜ መጠበቅ ስለማልችል ወደሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ፤ አውቶቡሱም መሃል መንገድ ላይ ጥሎኝ ያልፋል።

አባባ፣ እርስዎም እኮ ጠይቀውኝ ነበር። ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ቃልዎን እየተቀበለች የምትጽፍልዎ ማህደር ናት፤ በዚያው ፖስታ ውስጥ የራሷንም ብጣሽ ወረቀት አስገብታ ነበር። ማትሪክ እስክፈተን ብቻ አስቆይልኝ፣ አንተን ይሰሙሃል ይላል። እባክዎ አይቆጧት፤ የሚቆጡት እኔን ነው። ያን ወረቀት ፊቴ አስቀምጬ ነው እርስዎ እንዳሉ ብዬ የጻፍኩት። መልሴንም ያነበበችልዎ እሷው ናት። ወንድሟ እንደተዋት በገዛ አፏ አነበበች። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ አባባ፣ ያን ቃሌን አንስቻለሁ። በዚህ ጋብቻ አልስማማም። ለእርስዎ እንዲህ ብዬ ስጽፍ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የአቶ ማዕረግ ልጅ ጨዋ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱን ክፉ አላልኩም። ማህደር ግን አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፣ ትፈተን፤ ከዚያ በኋላ ትፈልገው እንደሆነ ራሷን ይጠይቋት። ለአቶ ማዕረግ ቃል ሰጥተዋልና መመለሱ እንደሚያሳፍርዎ ይገባኛል። አሜሪካ ያለው ልጄ እምቢ አለ ይበሏቸው፣ በእኔ ያሳብቡ። ደብዳቤ ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ጥምቀት እንዳይቀድመኝ እየፈራሁ ነው። ከተቀየሙኝም መቀየምዎን እችለዋለሁ። አልችለውም፣ ግን ይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትውሰድ። ወንድሜ መሳፍንት ኳሱን ቀነስ አድርጎ ያጥና። አክስቴ ደስታነሽን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንን እትዬ እናኑንም በስሜ ሰላም ይበሉልኝ።

ማህደር፣ አንቺንም እንዴት ነሽ ብያለሁ። ይህን ለአባባ ስታነቢላቸው፣ አልስማማም ያልኩበት ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ። ዝም ካሉ ደግመሽ አንብቢላቸው።

ልጅዎ እሴይ አማረ
ሲያትል፣ ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.