ከድር ቀድሞ የመረጠው ዘንግ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ከድር ቀድሞ መረጠ። በትክክል የሰማሁ ስላልመሰለኝ ደግሜ ጠየቅኩት።

"ቡኒው ለኔ ይሁን" አለ፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ዓሣ አጥምደናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከድር ከኔ ቀድሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከኔ ቀድሞ ወደ ሳህን እጁን ሰዶ፣ ከኔ ቀድሞ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። በር ላይ "አንተ ቅደም"፣ "የለም፣ አንተ" ስንባባል ሰው ከኋላችን ተሰልፎ ያውቃል። ዛሬ ግን ሦስት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ፊቱ ተደርድሮ አንዱን ለራሱ ያዘ።

ነገሩን በሥርዓት ልጻፈው። ዘንጎቹ የኢንጂነር ዘውዱ ናቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ስለ ውሃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ልጃቸው ዘንድ ሐዋሳ ሊገቡ ነው። ሐምሌ ላይ ሦስቱንም ሰጡንና "ሞክሯቸው፤ ሁለቱን እናንተ ምረጡ፣ ሦስተኛው ከኔ ጋር ይሄዳል" አሉን። እሑድ ሊወስዱ ይመጣሉ። ሦስቱም የፋይበርግላስ ናቸው። ትል አንጠልጥሎ ለመጠበቅ የተሠሩ አይደሉም፤ ክሩን አየር ላይ እያወናጨፉ፣ ከዶሮ ላባ የተሠራች ዝንብ ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ለማሳረፍ ነው። ዝንቦቹን የሚሠራው ከድር ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ክር ይታዘዝለታል።

የቤታችን ጣሪያ ክረምቱን ሲያፈስ ስለከረመ ዘንጎቹ የሚቀመጡት እሱ ሱቅ ነበር። ዛሬ ሦስቱንም ይዤ ልሄድ ስል "ቡኒውን ተወው፣ ምን ያመላልሰዋል" አለኝ።

"እስከ ቅዳሜ ፈትነን ነው የምንመርጠው ብለናል" አልኩት።

"ቲቸር፣ አንተ ፈተና ካላወጣህ እንቅልፍ አይወስድህም" አለ። ሳቀ፤ ግን ሳቁ አጠረብኝ።

ሦስቱንም ይዤ መጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዘንጎቹ፦

ነጩ። ስምንት ጫማ። ረጅም፣ ልፍስፍስ። እጀታው ላይ የኢንጂነሩ እጅ ያጠቆረው ቦታ አለ።

ቡኒው። ሰባት ጫማ ከስድስት ኢንች።

ቢጫው። ሰባት ጫማ። ቀላል ነው፤ ነፋስ ሲኖር ግን ክሩን አይገፋም።

በሦስቱም ላይ ቁጥር 6 ተጽፏል፤ መካከለኛ ክብደት ላለው ክር ማለት ነው። እስከ ዛሬ አንዳንዴ አንዱን አንዳንዴ ሌላውን እየያዝን ስለምንሄድ፣ የትኛው እንደሚሻል በሥርዓት አላወዳደርኩም ነበር። አንዱን ስወድ ደግሞ በቀለሙ ይሁን በሥራው እርግጠኛ አልሆንም። ስለዚህ ዓይኔን ታስሬ ለመወርወር ወሰንኩ።

ግቢያችን አይሆንም፤ የጎረቤት ቡና ሊደርቅ ተሰጥቶበታል። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በጠዋት ሄድን፣ እኔና ባለቤቴ አስቴር። በነጠላዋ ዓይኔን አሰረችኝ። ዘንጎቹን እያቀያየረች ታቀብለኛለች፤ እኔ ከወረወርኩ በኋላ ከዐሥር ነጥብ እሰጣለሁ፤ እሷ ትጽፋለች።

"ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርክበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ዓይንህን ታስረህ አየሩን ስትገርፍ ሰው ምን ይለናል?" አለች።

"ዝም ብለሽ ጻፊ።"

"አንድ ዘበኛ እያየን ነው። እየጸለየልህ መሰለኝ።"

ሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ውርወራ። ወረቀቱን ሳየው ቡኒው 9፣ 8፣ 9 አግኝቷል። ከሌሎቹ ከስድስት ያለፈ የለም። ቡኒው እጅ ውስጥ ያስባል ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ ሲታጠፍ ይጠብቅሃል፤ ወደ ፊት ስትልከው ግን አይዘገይም።

ስለዚህ ከድር ያውቃል። እኔ ዛሬ በነጠላ ታስሬ የደረስኩበትን እሱ አስቀድሞ ደርሶበታል። መቼ? ዘንጎቹ ሱቁ ውስጥ ሆነው ብቻውን እየወጣ ሞክሯቸዋል ማለት ነው። ለኔ ሳይነግረኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዛሬ ቤት ውስጥ ለካሁ። የእያንዳንዱን እጀታ ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ ጫፉ ላይ ጠጠር የሞላ ከረጢት አንጠልጥዬ፣ ስንት እንደሚጎብጥ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። (አስቴር ግድግዳውን ገና አላየችም።)

ነጩና ቢጫው እንደሚጠበቀው ጎበጡ። ቡኒው ግን ጠነከረ። ቁጥሩ ያው 6 ሆኖ ሳለ ከሁለቱም ያነሰ ጎበጠ።

ከዚያ ርዝመት። ነጩ ልክ ነው። ቢጫው ልክ ነው። ቡኒው ሁለት ሜትር ከሃያ ስምንት ተኩል ገደማ መሆን ሲገባው ሁለት ሜትር ከሃያ አንድ ሆነ።

መጀመሪያ ሜትሩን ጠረጠርኩ። ከድር የሰጠኝ የልብስ ሜትር ነው፤ ጨርቅ ይለጠጣል። በእንጨት ሜትር ደገምኩ። ሃያ አንድ። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርኩና አስቴርን አስለካኋት። ሃያ አንድ።

አራት ጣት የት ሄደ?

ምናልባት ፋብሪካው ተሳስቷል። ግን ሁለቱን በትክክል የሠራ ፋብሪካ ሦስተኛው ላይ አራት ጣት አይጥልም። ምናልባት የላይኛው ግማሽ የሌላ ዘንግ ነው። ዘንጉ ለሁለት ተነቅሎ የሚገጠም ስለሆነ፣ ላይኛውን መቀየር ቀላል ነው። ማን ቀየረው? ኢንጂነሩ? እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ ሲሰጡን ይነግሩን ነበር።

አስቴር ግድግዳውን አየች። ስለሱ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የኮቴን ቁልፍ ቆርጬ ወደ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው የቆረጥኩት፤ እዚህ ላይ ልመን።

"ቁልፍ ለመትከል አስቴር የለችም እንዴ?" አለኝ።

"አለች። እጇ ሥራ ይዟል።"

"ዘንጎቹስ ደህና ናቸው?"

"እየለካኋቸው ነው።"

የስፌት መኪናው ቆመ። "ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ቡኒውን ምን ያስለካሃል፣ እሱ የኔ ነው ብዬሃለሁ። ማሎ፣ እባክህ፣ አንተ ቢጫውን አጥና። ቢጫው ላንተ ክንድ ነው፣ ወላሂ።"

ቢጫው ለኔ ክንድ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል። ባለፈው በነፋስ ቀን ቢጫውን ይዤ ክሩ አንገቴ ላይ ሲጠመጠም፣ የፈታልኝ እሱ ነው።

ቁልፉን ሲተክልልኝ መርፌው ሁለቴ አምልጦታል። ከድር መርፌ አያመልጠውም።

የያዝኳቸው፦

አንደኛ፣ ከወትሮው ውጭ ቀድሞ መረጠ።
ሁለተኛ፣ የመረጠው በጣም ጥሩውን ነው።
ሦስተኛ፣ እንዳይለካ ይፈልጋል።
አራተኛ፣ ለአራት ወር ዘንጎቹ የነበሩት እሱ ዘንድ ነው።

ለሱ የሚቆም መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው፦ ከድር መሆኑ። ይህ ግን ማስረጃ አይባልም።

"ለምን አትጠይቀውም?" አለች አስቴር።

"ገና አልተሟላም።"

"አንተ ከሰው ጋር ነው የምትኖረው ከፈተና ወረቀት ጋር?"

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ተሟላ።

ጠዋት ቡኒውን መስኮት አጠገብ ይዤ በአጉሊ መነጽር ከእጀታው ጀምሬ ወደ ላይ አየሁት። ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ሁሉ በቀይ ሐር ታስረዋል። የጫፉ ቀለበት ግን የታሰረው በጥቁር ቀይ የኮት ክር ነው። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ በመነጽር ግን ክሩ ወፍራም ነው፣ ሐርም አይደለም። ላዩ የተቀባው የጥፍር ቀለም ነው፤ አሁንም ሲጠጉት ይሸታል። የክሩ መጨረሻ ደግሞ ወደ ውስጥ የተሳበው በግራ በኩል ነው። በግራ በኩል የሚስበው ከድር ብቻ ነው። ሳጥኔ ውስጥ ያሉ ዝንቦች በሙሉ እንደዚያ ነው የታሰሩት።

ጫፉ ተሰብሯል። ተቆርጧል። ቀለበቱ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ታስሯል። አራት ጣቱ የሄደው እዚያ ነው።

ሥራው ግን ንጹሕ ነው። ተናድጄም ቢሆን ይህን አልክድም።

የተናደድኩት ስለ መሰበሩ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ዝናቡ ሲያወራኝ፣ ይህን ይዞ ነበር። አሁን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ፦ ሲያጥር እንደተሻለ አውቆ፣ አጭሩ ምርጥ መሆኑን ደብቆ ሊወስደው ነው።

ለአስቴር ነገርኳት።

"ሰው የሰበረውን ጠግኖ ለራሱ ከወሰደ ጥፋቱ ምንድን ነው?"

"መደበቁ።"

"ከማን ነው የደበቀው?"

"ከኔ።"

"እሱን ነው የምጠይቅህ" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ወይም መጠየቅ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

በጠዋቱ ሚኒባስ አሰንዳቦ ከተማ ደርሰን፣ ከዚያ በእግራችን ዓሣ ወደምናጠምድበት ግድብ ወረድን። ቡኒውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከድር አየኝ። ቢጫውን አንስቶ ከኔ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

ነፋስ አልነበረም። በአራተኛው ውርወራ ነጭ ዓሣ ያዘልኝ፤ ክንድ የሚያህል። ዘንጉ እስከ እጀታው ድረስ ጎበጠ፤ ጫፉ ላይ ያለው እስራት ግን ፍንክች አላለም። ከድር መረቡን ይዞ እየሮጠ መጣ። ዓሣውን አይደለም ያየው። ጫፉን ነው።

መረቡን ሲያነሳ ጠየቅኩት። "ጫፉን ማን አሳጠረው?"

ዓሣውን ከመንጠቆው አላቀቀ። ከዚያ "በሩ" አለ።

"የቱ በር?"

"የሱቁ የቆርቆሮ በር። መስከረም ላይ ነው። ስዘጋው ጫፉ ወጣ ብሎ ኖሮ አላየሁትም።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ላንተ? የዝንቦቹ ሳጥን ውሃ የገባ ቀን ሦስቴ አስደግመኸኛል። በየትኛው እጅህ ይዘኸው ነበር፣ ስትንሸራተት ወዴት እያየህ ነበር፣ ክዳኑ ተዘግቶ ነበር ወይ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ቲቸር። የልጅ ልጅ ነበረኝ።"

ያን ቀን አስታውሳለሁ። የጠየቅኩት ሳጥኑ የት እንደወደቀ አስልቼ ለማውጣት ነበር። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

"ስለዚህ የተሰበረውን እኔ ልውሰድ አልኩ" አለ። "ላንተ ጤነኛው ይደርስሃል። ለኢንጂነሩም ጤነኛ ይመለስላቸዋል። ማን ይጎዳል?"

"ከሦስቱ የሚበልጠው እኮ እሱ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ያ የጥርጣሬ አተያይ የኔ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እኔ እሱን ያየሁበት። "እያጽናናኸኝ ነው ወይስ እያፌዝክብኝ?"

ደብተሩን አወጣሁ። ነጥቦቹን አሳየሁት፤ 9፣ 8፣ 9። በነጠላ መታሰሬን ነገርኩት። ፋይበርግላስ ለስላሳ ስለሆነ ከጫፉ ሲቆረጥ እንደሚጠነክር፣ ይኸኛው ደግሞ ሳይበዛ ልኩ ላይ እንደቆመ አስረዳሁት። ደብተሩን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አየ።

"ዓይንህን ታስረህ? ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ?"

"አዎ።"

"እትዬ አስቴር ፈቀደች?"

እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሱ ትንሽ ዘግይቼ።

ስንመለስ ሚኒባሱ በር ላይ "አንተ ቅደም" አለኝ። ከዚያ ዘንጉን በተመለከተ ያው ተጀመረ። አንተ ውሰደው። የለም፣ ቀድመህ የመረጥከው አንተ ነህ። ሰብሬ ነው የመረጥኩት። ጅማ እስክንገባ አልጨረስንም። በአንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ ለኢንጂነሩ ይነገራቸዋል።

"እኔ ልንገርልህ?" አልኩት።

"አይሆንም" አለ። "አንተ ከነገርካቸው በሴንቲሜትር ነው።"

እሑድ፣ ኅዳር 14

ኢንጂነሩ ከሰዓት በኋላ መጡ። ከድር ከሳቸው ቀድሞ ደርሶ፣ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሻይ እስኪቀርብ እንኳን አልጠበቀም።

"ኢንጂነር፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ቡኒውን ሰብሬብዎታለሁ" አለ።

ኢንጂነሩ ዘንጉን ተቀብለው ጫፉን ዳበሱት። "በር ነው?" አሉ።

"በር ነው።"

"ሁልጊዜ በር ነው" አሉና ተነሥተው፣ ቡና ካልተሰጣበት ጥግ ላይ ቆመው ወረወሩት። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸው ተለወጠ። ዞረው ዘንጉን እንደ አዲስ አዩት።

"እሺ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይሄኛውን ከኔ ጋር ብወስደውስ?"

እኔና ከድር ተያየን። ሰጪው እሳቸው ናቸው፤ ምን ይባላል? አፌን ልከፍት ስል ከድር ቀደመኝ።

"ኧረ አይሆንም፣ ኢንጂነር። እርስዎን የሚያህል ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዘው ሐዋሳ ሲገቡ፣ ጅማ ሰው የለም ወይ አይባልም? እኛ ነን የምናፍረው። ጤነኛውን ይውሰዱ።"

ኢንጂነሩ አዩት። የገባቸው ይመስለኛል። ሳቃቸውን ውጠው ነጩን መረጡ።

ቢጫውን ከድር ወሰደ፤ ቡኒውን እዚህ ጥሎት ሄደ። የኔ ነው አላለም፤ ያንተ ነው አላለም። "ያንተ በር የእንጨት ነው" ብቻ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተቀያየርን እንይዘዋለን መሰለኝ። ወደድኩት፤ ከሦስቱ የምወደው እሱ እንደሆነ እዚህ ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ግን አለ። ሻይ እየጠጣን ከድር ለኢንጂነሩ ሲያስረዳ "ለዘመን መለወጫ ልብስ የሚያሰፋው ሰው ሱቁን በሞላበት ሰሞን፣ ጳጉሜ ላይ" አለ። ትናንት ለኔ ያለኝ መስከረም ላይ ነው። ጳጉሜ ከሆነ፣ ጥቅምትን ብቻ ሳይሆን መስከረምንም ሙሉ ይህንን አጭር ዘንግ ይዤ ግድብ ስወርድና ስመለስ፣ እኔ፣ ሁሉን ነገር የምለካው ሰው፣ ምንም አላየሁም ማለት ነው። ወይ ደግሞ ከድር ለአንዳችን እውነቱን አልተናገረም።

ሲናገር ሰማሁት። ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከድርም ያወቀ ይመስለኛል፤ ብርጭቆውን ይዞ ወደኔ አየ፣ ጠበቀ።

"ሻይ ይጨመርልህ?" አልኩት።

የመስከረሙ ገጽ እዚሁ ደብተር ውስጥ ነው፤ በየትኛው ቀን የትኛውን ዘንግ እንደያዝኩ ተጽፏል። አልገለጥኩትም። እስካሁን።