የእናትሽ ቁስልና የባሕር ሻጋታሽ

አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ ኢሽራቅ፣

አሰላሙ አለይኩም። ኖርዌይ ብርዱ ጀመረ ወይ? ካፖርት ሳትለብሺ ወደዚያ ባሕር እንዳትወርጂ። በስልክ ምንም እንዳልነግርሽ እናትሽ አስምላኛለች። ስለ መጻፍ ግን አላነሳችም፤ ስለዚህ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።

በክረምት ወንዙ ሞልቶ ግቢያችን የገባ ጊዜ እግሯን ቆርቆሮ ቆርጧት ነበር። «ትንሽ ጭረት ናት» ያልንሽ እሷን ነው። ጭረቷ አልዳነችም። ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሮ ሽታው ከበር ሲቀበለን ሆስፒታል አስተኛናት። መርፌ ቀየሩላት፣ ደግመው ቀየሩ፤ ትኩሳቱ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟ ዶክተር ዕፀገነት የቁስሉን ናሙና ካስመረመረች በኋላ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ፣ «አባባ፣ ባክቴሪያው እዚህ ያሉንን አንቲባዮቲኮች በሙሉ ተላምዷቸዋል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ስላንቺ ሥራ ነገርኳት። ልጄ ከባሕር ስፖንጅ ላይ ሻጋታ እየለቀመች አዲስ መድኃኒት ትፈልጋለች፣ ከአንዱ ሻጋታ ያወጣችው ነገር ሌላ መድኃኒት ያልቻለውን ባክቴሪያ ገድሏል አልኳት። «ይምጣና ይሞከርላት!» ብዬ ለመንኳት። እሷም አንቺ በረመዳን የነገርሽኝን ደገመችልኝ፤ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ሳህን ላይ መግደሉ ብቻ አይበቃም፣ የሰውንም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ገና ዓመታት ይቀሩታል። አውቅ ነበር ልጄ። ግን ጠየቅኩ።

በማግሥቱ ከእናትሽ ጎን የተኛችው አራስ፣ ዳሲቱ የምትባለው፣ በኦፕራሲዮን የወለደችበት ስፌት ያብጥ ጀመር። ሽታው ያው ነው። እናትሽ ዳሲቱን ስታያት ቆየችና ሐኪሟን አስጠራች።

«ከእኔ እግር የወሰዳችሁትን ተህዋስ ለልጄ ላኩላት» አለች። «ሻጋታዋ ይገድለው እንደሆነ ትሞክረው።»

«እማማ፣ ለእርስዎ እኮ አይደርስም።»

«ለእኔ መች አልኩ?»

ዶክተሯ ዓይኗን ጠርጋ ተህዋሱን ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ልትጠይቅ ሄደች። ካገኘች፣ ታሽጎ ቤተ ሙከራችሁ ይደርሳል። የማን እንደሆነ አይጻፍበትም፤ አንቺ ግን እወቂው። ያለ ጓንት እንዳትነካው በላት ብላኛለች እናትሽ።

ትናንት «ቤቷ ይሻላታል» ተብለን ይዘናት ወጣን። መርፌውም ቀርቷል። ስንወጣ የዳሲቱን ፍራሽ እያጠቡ ነበር። ሕፃኑን አንዲት አሮጊት ታቅፋዋለች። አልጠየቅኩም።

አሁን ሕመሙ ጋብ ብሎላታል። አልጋዋን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አዙሩልኝ ብላ አዞርንላት። «ኢሽራቅ ትምጣ ወይ?» ስላት፣ «ሥራዋን እንዳታስተጓጉላት» አለችኝ። ይህ የእሷ ቃል ነው፤ የእኔ አይደለም።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሸሽግሽ፤ እጅሽ የነካውን ፈውስ ያድርገው። ይህን እንዳነበብሽ ደውይ። መናገር ይደክማታል፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ፣ አንቺ ብቻ አውሪ።

አባትሽ ሙሀመድሁሴን