ዓርብ ከሰዓት ስልክ የማላነሳበት ምክንያት

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ገዳሪፍ (ሱዳን)

ዛሬ ሥራ የለም። ልብስ አጠብኩ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ ቱታዬን። የቱታው አቧራ ሦስት ውሃ ቀይሬለትም አልለቀቀ። ዘጠኝ ዓመት የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ስጠግን ኖሬ... እኔ ራሴ ሰሊጥ ሰሊጥ ሳልሸት አልቀርም።

ከሰዓት ልምምድ። ያረጋል ከሚሠራበት ዳቦ ቤት ጀርባ ያለችው መጋዘን ውስጥ። ያረጋል የጎጃም ልጅ ነው። ጠዋት ሊጥ ያቦካል፣ ከሰዓት ድራም ይመታል። ባቢክር እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ስልክ የሚጠግን ሱዳናዊ። ኪቦርድ ይነካል፣ ይዘፍናልም። እኔ ቤዝ ጊታር። የራሳችን ዘፈን የለንም። ሰው የሚያውቀውን፣ የድሮ የአማርኛና የሱዳን ዘፈን ነው የምንጫወተው። ካርቱም በጦርነት ከተበላሸች ወዲህ ገዳሪፍ ሰው ሞልቷታል፣ ሠርጉም በዝቷል።

ልምምድ ላይ እያለን ሚስቴ እመቤት ደወለች። ስልኩ ወንበሩ ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ አላነሳሁም። በኋላ ደወልኩና "ሥራ ላይ ነበርኩ" አልኳት። "አይዞህ፣ ደከመህ" አለችኝ።

ዓርብ ቀን ማሽኑም እንደሚያርፍ አታውቅም?

ኅዳር 15

እመቤት ሥራ አግኝታልኛለች። አገር ቤት፣ ገንዳ ውሃ፣ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ጀርባ ያለው የሰሊጥ መጋዘን አዲስ ማበጠሪያ አስገብቷል። መካኒክ ይፈልጋሉ። "አንተን ነገርኳቸው። እስከ የካቲት ይጠብቁሃል" አለች። ድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበር። ደመወዙም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማታ ማታ እቤቴ መግባት፣ ልጄን ትምህርት ቤት ማድረስ...

"እስቲ ላስብበት" አልኳት።

ምኑን ነው የማስበው? ውሌ እኮ የካቲት ላይ ያልቃል።

ኅዳር 16

እውነቱን እዚህ እንኳ ልጻፈው። የያዘኝ ሥራው አይደለም። ቤዙ ነው።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ

ከልምምድ በኋላ ለያረጋል ነገርኩት። ከልጅነት ጀምሮ የማውቀው ያህል ነው የምቀርበው።

"ሚስትህ አታውቅም? ስድስት ዓመት ሙሉ?"

"አታውቅም።"

"አያ ምናለ" ብሎ በስሜ ጠራኝ። "ሰርቀህ እኮ አይደለም።"

አይደለም። ግን ውሸቱ እንዴት እንደጀመረ እሱ አያውቅም። የድሮው ቤዝ ተጫዋች ወደ ፖርት ሱዳን ሲሄድ ባቢክር "እጅህ ብረት ለምዷል፣ ሞክር" አለኝ። በሁለተኛው ወር ልጃችንን ስመኝን ወባ ያዛት። ሦስት ዓመቷ ነበር። እመቤት ከሆስፒታል ስትደውል እኔ ሠርግ ቤት ቤዝ ታቅፌ ሰው አስጨፍራለሁ። ወጥቼ አነሳሁት። "ምንድን ነው ጫጫታው?" አለች። "ማሽን ነው" አልኳት። ልጅቷ ዳነች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?

ታኅሣሥ 21

ባቢክር እየሳቀ መጣ። "ያ ምናለ፣ አገርህ ልንሄድ ነው!" ሰሊጥ የሚነግድ የመተማ ሰው እዚህ አንድ የሱዳን ድግስ፣ ሐፍላ ላይ አይቶን ኖሮ፣ ጥር 17 ሠርጌ ላይ አጫውቱኝ ብሎታል። የት? ገንዳ ውሃ። ሙሽራዋስ? አሰበች የምትባል አስተማሪ።

አሰበች። ከእመቤት ጋር በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የምትቀመጠው አሰበች።

ጥር 8፣ ዓርብ

አሞኛል ልበል? ያለ ቤዝ ሁለቱ ይዋረዳሉ። ልንገራት? ሁለቴ ደወልኩ። መጀመሪያ ስለ ሙቀቱ አወራን። ሁለተኛ ስለ ስመኝ ጥርስ። "ለአሰበች ሠርግ ብትመጣ እንዴት ደስ ባለኝ" አለች።

"ልመጣ እችላለሁ" አልኩ። ይቺን ብቻ።

ጥር 16፣ መተማ

የድንበሩን ድልድይ በእግር ተሻገርን። ያረጋል ድራሙን በጋሪ፣ እኔ ቤዙን በጀርባዬ። ፈታሹ "ምንድን ነው?" አለኝ። "ጊታር" አልኩ። በአገሬ መሬት፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ፈታሹ ከምንም አልቆጠረውም። 

ሌሎቹ መተማ አደሩ። እኔም አብሬ አደርኩ። ቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም... ፈሪ።

ጥር 17፣ እሑድ፣ ገንዳ ውሃ

ድንኳኑ ትልቅ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ጀመርን። ሦስተኛው ዘፈን ላይ እመቤት ስመኝን ይዛ ገባች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። እንዴት አምሮባታል! ለሙሽራዋ ዘመዶች ሰላምታ እየሰጠች መጣች፣ መጣች... ቀና አለች።

ጣቴ ቆመ። ያረጋል ድራሙን ጠበቅ አድርጎ መታልኝ፣ ተመለስኩ። ስመኝ "አባ! አባ ነው!" ብላ ልትሮጥ ስትል እናቷ ትከሻዋን ያዘቻት። ተቀመጡ። እመቤት አልሳቀች፣ አልተቆጣችም። እጆቼን ብቻ ታያለች። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ተጫውቼ አላውቅም። እንዲያ እየፈራሁ በደንብ መጫወቴ ይገርማል።

ሳንጨርስ ወጥታ ሄደች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቤት ገባሁ። ስመኝ ጎረቤት ነች። እመቤት የሠርግ ልብሷን ሳታወልቅ የተማሪ ፈተና ዘርግታ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች።

"ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ።

"ስንት ጊዜህ ነው?"

"ስድስት ዓመት።"

አንድ ወረቀት አረመች። ሰባት ከአሥር። ወደ ጎን አደረገችው።

"ዓርብ ዓርብ ስልክ የማታነሳው ለዚህ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ ሴት መስሎኝ ነበር" አለች። ቀና አላለችም። "መጀመሪያ አካባቢ አለቀስኩ። ከዚያ ለመድኩት።"

ለመድኩት! እየጻፍኩትም ያመኛል። ስንት ዓመት ነው ብቻዋን የለመደችው?

ሁሉንም ነገርኳት። ሆስፒታሉን፣ ማሽን ነው ያልኩትን። "አንቺ እዚያ ስትሰቃዪ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር እመቤት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

እስክሪብቶውን ከደነችው።

"ማሽን ሲበላሽ ትነግረኛለህ። ወገብህን ሲያምህ ትነግረኛለህ። ሙቀቱን፣ አለቃህን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን... ዘጠኝ ዓመት ድካምህን ስሰማ ኖርኩ። ደስ የሚልህን ነገር ግን ከኔ ደበቅከው። እኔ ደስታህን የምቀማህ ሰው ነኝ?"

ቀይ እስክሪብቶውን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። 

"ሥራውን እምቢ ያልከውም ለዚህ ነው።"

"እምቢ አላልኩም።"

"እሺም አላልክ።" ወረቀቶቹን ሰበሰበች። "ና አልልህም። ና ብዬህ ብትመጣ ዓርብ በመጣ ቁጥር የተከፋ ፊትህን ሳይ መኖሬ ነው። ራስህ ወስን።"

ጥር 18

ጠዋት ስመኝ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። እናቷ ትምህርት ቤት ሄዳለች። "አባ፣ ለምን አንተ አትዘፍንም? ለምን ዝም ብለህ ትቆማለህ?" አለችኝ። "ሥራዬ እሱ ነው" አልኳት። ሳቀች።

ጥር 22፣ ዓርብ፣ ገዳሪፍ

ልምምድ ስንጀምር እኔው ደወልኩላት። ታነሳለች ብዬ አላሰብኩም። አነሳች።

"ልምምድ ላይ ነኝ" አልኳት። እውነት መናገር እንዲህ ይቀላል? "ስልኩን እዚህ አስቀምጠዋለሁ። ከፈለግሽ ስሚ።"

ሁለት ዘፈን ተጫወትን። ስልኩን ሳነሳው አልዘጋችውም።

"የቱ ነው ያንተ?"

"ከታች ያለው። ወፍራሙ።"

"አልሰማሁትም" አለች። ቆይታ "ዘፋኙ ጥሩ ነው" አለች።

ባቢክር ይህን ሲሰማ ቀኑን ሙሉ ሲኮራ ዋለ።

ጥር 29፣ ዓርብ

ዛሬም ደወልኩ። ስመኝም አብራ ሰማች። እመቤት አንዱ ዘፈን ላይ "ቆይ... ይሄ ዱም ዱም የሚለው ነው?" አለች።

"እሱ ነው!"

"እንዴ፣ ይሄማ ሁልጊዜ አለ እኮ።"

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወጥቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው አየኝ።

የካቲት 1

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሳስብ ነበር። ዓርብ ላይ የምወደው ቤዙን ብቻ አልነበረም። ማንም ምንም የማይጠይቀኝ ሰዓት ስለሆነም ነው። የልጅ ትኩሳት የለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ የለ። ያን ሁሉ እመቤት ይዛልኝ እኔ በአራት ክር እዝናና ነበር። ይህን ስጽፍ አፈርኩ።

ጠዋት ደውዬ "መጋዘኑ እየጠበቀኝ ነው?" አልኳት።

"ስለኔ ብለህ ከሆነ..."

"ስለኔ ነው" አልኳት። "ስመኝ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ባለፈው ሰው ሲጠይቀኝ ተሳሳትኩ።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

የመጨረሻ ልምምድ። ሰኞ ሁዳዴ፣ ረቡዕ ረመዳን ይገባል። ሠርግም ሐፍላም የለም። ከከሰላ የመጣ ልጅ ቤዙን ሊይዝ ነው። ጣቱ ከኔ ይፈጥናል። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

ቤዙ የባንዱ ነው። ባቢክር "ውሰደው" አለኝ፣ እምቢ አልኩ። "ልጁ በምን ሊጫወት ነው?" አቀፈኝና ትከሻዬ ላይ ቆየ። ያረጋል ዕቃ ያስተካከለ መስሎ ጀርባውን ሰጠን። ሦስት ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። 

የካቲት 28፣ መተማ

የመሣሪያ ሣጥኔና ሁለት ሻንጣ። ዘጠኝ ዓመት ይኸው ሆነ። ፈታሹ "ለዕረፍት?" አለኝ።

"ጨርሼ ነው" አልኩት።

መጋቢት 14፣ ገንዳ ውሃ

ቤት እንዳሰብኩት አይደለም። ስመኝ ሳትጠይቀኝ ሻንጣዬን አትነካም። ምግብ ሲቀርብ "አባ መጀመሪያ" ትላለች። እንግዳ ነኝ። እመቤት የምትወደውን ወንበር ሳላውቅ ይዤ ኖሮ ሳምንት ሙሉ አልነገረችኝም።

አዲሱ ማሽን ግን ጥሩ ነው።

መጋቢት 25፣ ዓርብ

መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሟል፤ ከሰዓት ምን ላድርግ? ሰባት ሰዓት ላይ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። እመቤት ከትምህርት ቤት ስትገባ አየችኝ። "ከፍቶሃል?" አለች።

የለም ልል ነበር። "አዎ" አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠች። "ንገረኝ።" ነገርኳት። ያረጋል ሊጥ እጁ ላይ እንደደረቀ ድራም ስለሚመታው፣ ስለ ባቢክር የአማርኛ ግጥም አወላገድ፣ አንድ ሙሽራ ራሱን ስቶ ስለወደቀበት ሠርግ። እስኪመሽ በሳቅ ሞተች። ስድስት ዓመቱን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት።

ሚያዝያ 16

ሙቀቱ ለጉድ ነው። ውጭ አልጋ አውጥተን ተኛን። ስመኝ በእንቅልፍ ልቧ እግሯን ሆዴ ላይ ጣለች። አልነቀነቅኩትም።

ግንቦት 2፣ እሑድ

የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ። ከጎንደር የመጣ ባንድ ነው የተጫወተው። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ቤዝ ተጫዋቹን ብቻ ሳይ እመቤት እጄን ጎተተችኝ።

"ተነሳ።"

"መጨፈር አልችልም።"

"ስንት ሠርግ ውለህ?"

"ቆሜ እኮ ነው የዋልኩት!"

በትዳር አሥራ አንድ ዓመታችን ነው፣ ሠርግ ላይ አብረን ጨፍረን አናውቅም። ቀስ ያለ ዘፈን ነበር። ያዝኳት። ላብ በላብ ሆንኩ። ጥቂት እንደሄድን ጆሮዬ ላይ "ጣትህ" አለችኝ።

ጀርባዋ ላይ ያለው እጄ ከቤዙ ጋር አብሮ እየመታ ነው። አላወቅሁም። ደንግጬ ላነሳው ስል እጇን ወደ ኋላ ሰዳ መልሳ አስቀመጠችው።

"ተወው።"

እግሯን ሁለቴ ረገጥኳት። ስመኝ ስትሮጥ መጥታ፣ ሳትጠይቅ፣ በሁለታችን መካከል ተሸጎጠች።